ያልዳነችው ሹፌር

ለተገብርኤል ቶሎ የምትቆጣ ሴት ናት። ይህን ራሷም አትክድም። አሜሪካ፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት መጋዘን አሥራ ሰባት ዓመት ስትሠራ ሁለት አለቆች ከእሷ ጋር ተጣልተው ቦታ ቀይረዋል፤ እሷ ግን ከማሽኗ ንቅንቅ አላለችም። ወላጆቿ ከአስመራ ናቸው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ፣ ጎላ ሚካኤል አካባቢ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አጥብቃ የያዘችው ሁለት ነገር ነው፤ ጾሟንና ጥሩነሽን።

ጥሩነሽ ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማ፣ ከእሷ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር ጴንጤ ናት። የለተገብርኤል ባል በሁዳዴ መካከል ድንገት ሲሞት፣ ለቀስተኛው በሦስተኛው ቀን ወደየሥራው ተበተነ። ጥሩነሽ ግን ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ገዝታ እስከ ፋሲካ ድረስ ሽሮና ምስር እየሠራች በየቀኑ ደረጃውን ወጣች። "እኔ አልጾምም፤ ድስቱ ግን ይጾማል" ብላ በዚያ ሐዘን መሐል አሳቀቻት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሃይማኖት ተጨቃጭቀው አያውቁም ማለት ውሸት ነው። በየሳምንቱ ይጨቃጨቃሉ፤ ሲያበቁ አብረው ይበላሉ።

ባለፈው ዓመት ጥሩነሽን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ ዛለ፤ ምላሷም ትንሽ ተያዘ፤ መኪና መንዳት ቀረ። ለተገብርኤል ማንም ሳይለምናት እሑድን አመቻቸች። ጠዋት ታስቀድሳለች፤ ቅዳሴው እንዳለቀ ቶሎ ወጥታ ጥሩነሽን ቸርቿ ታደርሳለች፤ ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ እስኪወጡ ትጠብቃለች።

ነገሩ የተበላሸው በማርያም ማኅበር ላይ ነው። ጽዋው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ፣ ሊቀ መንበሯ ናጽነት ስልኳን አወጣች። ለተገብርኤልን በሃያ ዓመት የምታንስ፣ ቤልቪው በሚባለው ከተማ ቢሮ የምትሠራ ሴት ናት።

"እትዬ ለተ፣ እና… ይሄ መኪና የእርስዎ አይደለም?"

ፎቶ ነው። የለተገብርኤል መኪና በጴንጤዎቹ አዳራሽ በር ላይ ፓርክ ተደርጓል።

"የኔ ነው። ማነው ያነሳው?"

"ማንም ያንሳው። እሑድ እሑድ እዚያ እንደሚውሉ ሰምተናል። እኛ የእመቤታችን ማኅበርተኞች ነን። እነሱ ስለ እሷ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ። ወይ እነሱን፣ ወይ ማኅበሩን ነው መያዝ።"

ለተገብርኤል ክፍሉን ዞራ አየችው። አንዷ ወለሉን ታያለች፤ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

"ባሌ የሞተ ጊዜ ሊቀ መንበር ባትሆኚም እዚሁ ነበርሽ" አለች ድምጿ እየወፈረ። "ስንት ቀን መጣሽ? አንድ ቀን። ያውም ስልክሽን እያየሽ። እስከ ፋሲካ ድረስ በየቀኑ ጾሜን ጠብቃ ያበላችኝ ይቺ መናፍቅ የምትሏት ናት። ለአንዲት ሽባ ሴት በር መክፈት ክርስትናዬን የሚያስወስድብኝ ከሆነ፣ እናንተ የያዛችሁት ምን ክርስትና ነው?"

"እትዬ ለተ፣ ስሜታዊ አይሁኑ፤ ሕግ ነው።"

"የማን ሕግ? የእመቤታችን? እሷ ነገረችሽ?"

ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች። ማንም አልተከተላትም። ማታውኑ ከማኅበሩ የስልክ ግሩፕ አስወጧት።

በማግስቱ እሑድ ነው። ዝናቡ ስለበረታ ጥሩነሽን ደግፋ ወደ አዳራሹ አስገባቻትና፣ ለመውጣት ስላልቻለች ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ፓስተር ፍጹም ሰብኮ ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ።

"ዛሬ ጌታን ያላወቀች አንዲት እህት በመካከላችን አለች። ለተገብርኤል ትባላለች። ከጨለማ እንድትወጣ እጃችሁን ዘርጉላት!"

ሁለት መቶ እጅ ወደ እሷ ዞረ። ለተገብርኤል ተነሣች።

"ማነው ያላወቀው? በሰማንያ ቀኔ የተጠመቅሁ ነኝ እኮ!"

"እናቴ፣ ውኃ ብቻውን አያድንም…"

"ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም። ውጭ ስንት መኪና ቆሟል? ጥሩነሽ ስትሮክ ከመታት ስምንት ወር ሆናት። ከእናንተ ማነው 'እኔ ላምጣሽ' ብሎ የደወለላት? አንድ ሰው እጁን ያውጣ!"

የተዘረጉት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

"እሺ፤ የዳናችሁት ቤታችሁ ተኝታችሁ፣ ያልዳንኩት እኔ ነኝ የማመላልሳት። እኔን ነው ከጨለማ ውጪ የምትለኝ?"

ፓስተሩ ፊቱ ቀላ። ማይኩን አጥፍቶ ወደ እሷ ቀረበና በለሆሳስ፣ "እናቴ፣ እኔ አላመጣሁትም። ስምዎን በጸሎት ወረቀት ጽፋ የሰጠችኝ እህት ጥሩነሽ ናት" አላት።

ይሄ ነው አጥንቷ ድረስ የገባው። የማኅበሩን ስድብ ችላለች፤ የአዳራሹንም መልሳለች። ይህን ስትሰማ ግን ጥሩነሽን ደግፋ ወደ መኪናው ወሰደቻት።

ከሀይዌይ ሲወጡ ለተገብርኤል መሪውን በጥፊ መታችው።

"ጨለማ ውስጥ ናት ብለሽ ጻፍሽ?"

"ስትጠፊ… ዝም ብዬ… ልይሽ?" አለች ጥሩነሽ፣ በተያዘ ምላሷ እየታገለች። "ስለምወድሽ ነው!"

"አትውደጂኝ እንደሱ ከሆነ!"

ቤት ሲደርሱ በደካማ ጎኗ በኩል ደግፋ አስገባቻትና በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች። አራት ቀን አልወረደችም። ንዴቱ ግን አላስተኛትም፤ ምክንያቱም አንድ የምታውቀው ነገር አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷም የጥሩነሽን ስም ለካህኑ ስትሰጥ ኖራለች፤ "ከክሕደት መልሳት" ብለው እንዲጸልዩላት።

አምስተኛው ቀን ላይ ወርዳ፣ እንደቆመች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ ይህንኑ ለጥሩነሽ ነገረቻት።

ጥሩነሽ ክው አለች። "ክሕደት? እኔን?"

"አዎ፣ አንቺን!"

"ሦስት ዓመት… ድስቴን እየበላሽ?"

ጩኸታቸው ግድግዳውን ስላለፈ የጎን ጎረቤቷ ሀሚዳ መጥታ አንኳኳች። "ደኅና ናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?" አለች። ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ "ማንም አልሞተም!" ብለው ጮሁባት። ሀሚዳ ትከሻዋን ሰብቃ ተመለሰች።

"ስሜን አስወጪ" አለች ጥሩነሽ።

"አንቺም አስወጪ።"

"አላስወጣም።"

"እኔም አላስወጣም።"

በዚሁ ተለያዩ። ከቸርቹ አንድ ወጣት መጥቶ ጥሩነሽን ሁለት እሑድ ወሰዳት፤ በሦስተኛው ቀረ። በሩ ላይ ጫማዋን አድርጋ ስትጠብቅ ያገኘቻት ለተገብርኤል ናት፤ ከቅዳሴ ስትመለስ። የመኪናውን በር ከፈተችላት።

አሁንም ታደርሳታለች። አዳራሹ ግን አትገባም፤ ማኅበሩም አልጠራትም፤ በቅዳሴም ናጽነት በተቀመጠችበት በኩል አታልፍም። በመንገድ ላይ ጥሩነሽ መዝሙር ስትከፍት ለተገብርኤል ትዘጋዋለች፤ ጥሩነሽ መልሳ ትከፍተዋለች። እስካሁን ከማንም ወገን ይቅርታ የጠየቃት የለም። እሷም ማንንም አልጠየቀችም።