ሰባት ቤት የሚቆጥረው የሻው

በአምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ ልጅ የሚድር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠራው የሻውን ነበር። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዳይዛመዱ ዘር መቆጠር አለበት፤ እሱ ደግሞ የአገሩን ዘር ከነቅርንጫፉ ያንቆረቁረዋል። ዕድሜው ገና ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ሽማግሎቹ ግን አፍ አፉን ያዩታል። ኩራቱም አይጣል ነበር፤ ደግሞ ያምርበታል።

ታላቅ ወንድሙ ዋኘው በአርባ ሁለት ዓመቱ ከገዛ ማሳው ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ጠፋው። ውሎ አድሮ የሚስቱን ስም ረሳ። ሁለት ዓመት ከጠበል ጠበል ሲንከራተቱ ከረሙ፤ አልሆነም። በ2008 ዓ.ም. የሻው ጎንደር ወስዶ ሐኪም ዘንድ አቀረበው።

ሐኪሟ ከቤተሰቡ እንዲህ የሆነ ሌላ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። የለም አላት። እንግዲያው ዘራችሁን ቁጠሩልኝ ስትለው ደስ አለው፤ ይኼማ ሙያው ነው። እሱ ይቆጥራል፣ እሷ እያንዳንዱን ሰው በምልክት ወረቀት ላይ ትስላለች። ግን አላስቆጥር አለችው፤ በየስሙ ምን ሆኖ ሞተ፣ በስንት ዓመቱ ትላለች። አባቱን በድንበር የተጣላው ጎረቤት መተት አሠርቶበት ነው፣ አክስቱን ዛር ይዟት ነው፣ አያቱ ከበቅሎ ወድቆ ነው አላት። ሦስቱም ሃምሳ ሳይደፍኑ አእምሯቸውን ስተው ነበር። ወረቀቱን አዙራ ብታሳየው፣ ለታመሙት ያጠቆረቻቸው ምልክቶች ከአያቱ ጀምረው እስከ ዋኘው ድረስ ተከታትለው ወርደዋል። የሻው ክው አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስም ሲቆጥር በሽታውን አንድ ቀን አልቆጠረውም። አእምሮውን የሳተ ሰው ስሙ ብቻ ተጠርቶ ይታለፋል፤ ስለ እሱ ማውራት ነውር ነው።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችው። ነገሩ መተትም ዛርም አይደለም፤ ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ የዘረመል ጉድለት ነው። የታመመ ሰው ልጅ ሁሉ የመውረስም ያለመውረስም ዕድሉ እኩል ነው፤ ያልወረሰ ደግሞ ለልጁ አያስተላልፍም። ደም ውጭ አገር ልኮ ማስመርመር ይቻላል፤ የሚያድን መድኃኒት ግን እስካሁን የለም። የሻው በጆሮው እየሰማ ልቡ አምባ ጊዮርጊስ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁ ትዕግስት ታጭታለች።

ቤት ገብቶ ቢነግራት ሚስቱ ወለላ ዝም በል አለችው። ይኼን ሰምቶ ማን ያገባታል? አንተስ ብትሆን መች ታመምህ? ምን ይደረግ፣ እናት ናት። የሻው ሦስት ሳምንት እህል አልወርድ አለው።

በቆጠራው ቀን የሙሽራው አባት አያ ማሩ ሽማግሎቻቸውን ይዘው መጡ። የሻው ቆጠረ፤ የሚገናኝ ዘር የለም። ሊመርቁ ሲነሡ ቆዩኝ አለና አባቱን፣ አክስቱን፣ አያቱን፣ ዋኘውን በስንት ዓመታቸው እንደ ጀመራቸው ጭምር አንድ በአንድ ተናገረ።

«አያ ማሩ፣ እኔም ወርሸው ይሆናል። ልጄም እንዲሁ። ሳታውቁ አልሰጣችሁም» አለ።

አያ ማሩ ከልጄ ጋር ልምከርበት ብለው ተነሡ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። የሻው እስከ ደጅ ሸኝቷቸው ሲመለስ ቀለል ብሎት ነበር፤ ለሚገባው ሰው እውነቱን ተናገርሁ ብሎ።

ትዕግስት የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ጠላ ልትቀዳ ገብታ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል።

«አባየ፣ ለእነሱ ነገርሃቸው» አለችው። «ለእኔስ መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለአማቾቹ ምን እንደሚል ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ለእሷ ምን እንደሚል ጭራሽ ትዝ አላለውም ነበር።

«አላሰብሁትም፣ ልጄ» አላት፤ እውነቱ ይኸው ነበርና።