በእኔ አፍ ወይስ በቀጥታ

ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው ልጄ ባለፈው ስለ ሥራዋ አጫወተችኝ። አንዳንዱ መሣሪያ መረጃውን ራሱ በቀጥታ ወደ ማኅደረ ትውስታ ያስገባል አለችኝ፤ ይህ ችሎታ ለሌለው ደግሞ የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል እያነሳ ያቀብልለታል። ፕሮግራሙን የምትጽፈው እሷ ለሁለቱም መዘጋጀት አለባት።

"ይኸንማ እኔም ሠርቼዋለሁ!" ብዬ ብድግ አልኩ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ስልከኛ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ ጆሮዬ ግን የተባረከ ነው። የአዲስ አበባ ድምፅ እኛ ዘንድ ሲደርስ እንደ ትንኝ ይቀጥናል። ስለዚህ ባለጉዳዩ ፊቴ ይቆማል፤ እኔ የሰማሁትን በአፌ አቀብለዋለሁ፣ የእሱንም መልስ እንዲሁ።

አንድ ቀን ባለሙያ መጣና ድምፅ የሚያጎላ ሣጥን ገጠመልን።

"ይኸ ሲሠራ ሰዎቹ በቀጥታ ይነጋገራሉ፤ አንተ ገመዱን ሰክተህ ዝም ነው" አለኝ። "ባትሪው ሲደክም ግን አይሠራም። አስቀድመህ የሣጥኑን መብራት እይ። ካልበራ እንደ ድሮህ በአፍህ። ሣጥኑ አልሠራም ብለህ ሰው እንዳትመልስ!"

በማግስቱ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ እናት መጡ። ልጃቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል። እስከዚያ ድረስ ቃሉን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። ገበያ ላይ ግን "ልጅሽ ሞቷል፤ ስልከኛው እያጽናናሽ ነው" ያላቸው ሰው ነበር።

"እውነቱን ንገረኝ ልጄ፣ ከአፍህ የሚወጣው የእሱ ነው ወይስ ያንተ?"

መብራቱን አየሁ። በርቷል!

"ዛሬ ከራሱ ይስሙት፣ እማማ!" ብዬ መነጋገሪያውን ሰጠኋቸውና ገመዱን ሰካሁ።

"እማዬ!" አለ ልጁ።

እኔ ሆዬ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ "እማዬ ይላል! ደህና ነኝ ይላል!" እያልኩ መጮህ።

"ዝም በልልኝ! ባንተ ጩኸት ልጄን መስማት አቃተኝ!"

አፌን በእጄ ያዝኩት። ልጁ የእኔን ነገር ሰምቶ ኖሮ ከት ብሎ ሳቀ።

"አልሐምዱሊላህ! ሳቁ ነው፣ ወላሂ የእሱ ሳቅ ነው!" አሉ፤ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እኔም ከወንበሬ ልነሣና ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።

"እማዬ፣ የምመጣው..." ሲል መብራቱ ድርግም አለ።

እናቲቱ መነጋገሪያውን ነቀነቁት፤ ዝም። እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ጭምቅ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያቺ የትንኝ ድምፅ አለች!

"ድገመው ወንድሜ፣ መቼ ነው የምትመጣ?"

ሰማሁት። ያምኑኝ ይሆን እያልኩ ቀና አልኩ።

"ለአረፋ እመጣለሁ ይላል፣ እማማ። ነጭ ጀለቢያ አሰፊልኝ ይላል።"

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ መነጋገሪያውን አስቀመጡና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ጨርቁን ዛሬውኑ አስቆርጣለሁ በለው። በል እንጂ፣ ምን አፍህን ይዘህ ታየኛለህ?"