መስኮት ላይ የቆመ ባል

ሶፋ ሠሪው ቅናተኛ ነው ስላችሁ እያማሁት አይደለም፤ እሱም አይክድም። የሰፈሩን ሶፋ ሁሉ የሚያድሰው እሱ ነው። እጁ የተባረከ ነው፣ ዓመሉ ግን አይጣል ነው። ሚስቱ ስልክ ይዛ ፈገግ ካለች ጨርቁን ሳይለካ ይቆርጣል።

ሚስቱን እኛ የሥራ ባልደረቦቿ መዝገቧ እንላታለን። በከተማው አስተዳደር መዝገብ ቤት፣ ሕዝብ ሰነድ በሚጠይቅበት መስኮት ባለጉዳይ የምታስተናግደው እሷ ናት። እኔ ከጎኗ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ከመስኮቷ እስከ ማሽኔ ያለው አንድ ክንድ ስለማይሞላ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር ብል ውሸቴን ነው።

ድሮ እዚህ ቢሮ ሰነድ ማየት ማለት ደጅ መጥናት ነበር። አሁን ደንብ ወጥቷል። ማንም ሰው የከተማውን ሰነድ መጠየቅ ይችላል፤ ሠራተኛው ደግሞ “ለምን ፈለጉት?” ማለት አይፈቀድለትም። የተጠየቀው ሁሉ ከነመልሱ ኮሪደሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋል፤ የማንም ጥያቄ መሳቢያ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ነው። መዝገቧ ይህን ሥራ ትወደዋለች። አንድ ባለጉዳይ የፈለገውን አግኝቶ ሲሄድ ለእሷ የተሰጣት ነው የሚመስላት።

ከደንበኞቿ አንዱ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰፈሩን ውኃ ስለሚያጥለቀልቀው፣ የድሮውን የጎርፍ መውረጃ ፕላን እያስወጣ ይመረምራል። ባርኔጣውን አያወልቅም፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይገባል፣ ጨዋታ ደግሞ ያውቅበታል። አንድ ቀን መዝገቧ በቀልዱ እንባዋ እስኪፈስ ስትስቅ፣ ቤት የረሳችውን ቁልፍ የያዘ ባሏ በር ላይ ደረሰ። አየ፣ ጠቆረ፣ ቁልፉን እኔ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

“እቤት እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም” አለኝና ወጣ።

እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። የሰው ሳቅ ሌላ ቦታ ሲውል ማየት ያማል። እኔም ባል በነበረኝ ጊዜ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ መዝገቧ ዓይኗ አብጦ መጣች። “ወይ መስኮቱን ወይ እኔን ምረጪ አለኝ። እስከዚህ ወር መጨረሻ ሥራውን ልቀቂ ብሎኛል።”

“አንቺስ ምን አልሽው?”

“ምን እላለሁ? ልጆች አሉን። ለሥራ ብዬ ቤቴን ላፍርስ?”

ለእሱ የነበረኝ ሐዘኔታ በአንዴ ጠፋ። ስንት ደጅ ረግጣ ያገኘችውን ሥራ በአንድ ሳቅ ልታጣው ነው። እኔ ብሆን አልለቅም ብያት ነበር፤ እኔን ልቀቂ የሚል ስለሌለ አፌ ሙሉ ነው።

ሰውየው ግን በዚህም አላረፈም። ሐሙስ ጠዋት፣ የስፖንጅ ብናኝ ልብሱ ላይ እንዳለ፣ መጥቶ ወረፋ ያዘ። ተራው ሲደርስ የሞላውን ቅጽ በመስኮቱ አሾለከላት። መዝገቧ አንብባ ቀላች፤ ኮፒ እንዳደርገው ስትሰጠኝ እኔም አነበብኩት። የሚፈልጉት መረጃ በሚለው ፊት “ቀያሹ ከሠራተኛዋ ጋር ስለምን እንደሚያወራ” ብሎ ጽፏል።

“መብቴ ነው!” አለ ጮክ ብሎ። “ለምን ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው ተብያለሁ።”

“ልክ ነዎት” አለችው። እቤት አንተ የምትለውን ሰውዬ እንደማንኛውም ባለጉዳይ እርስዎ አለችው። “ጥያቄዎ ተመዝግቧል። ከነመልሱ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል።”

“የምን ሰሌዳ?”

“ከኋላዎ ያለው።”

ዞር አለ። ሰሌዳው ሥር ጎረቤቶቹ ቆመዋል፣ ሶፋ ያሠሩት ደንበኞቹ ቆመዋል፣ ቀያሹም ከነባርኔጣው ቆሟል። ስለ ደንቡ አንዱን ሰምቶ ሌላውን ሳይሰማ ነበር የመጣው።

“በይ ተይው፣ መልሽልኝ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“የገባ ጥያቄ አይመለስም። መልሱን ግን እስኪለጠፍ በቃል ልነግርዎ እችላለሁ።”

ወረፋው ወደ መስኮቱ ተጠጋ። እኔም ማሽኑን አጠፋሁት።

“የምናወራው ስለ ጎርፍ መውረጃ ነው” አለች። “እሳቸው ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ። ጠዋት ሲመጡ ደግሞ እንዴት አደርሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው፣ ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ ይሉኛል።” እዚህ ላይ እርስዎ የሚለው ጠፋባት። “አንተ ግን የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ብቻ ነው። ሌላ ምን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

ቀያሹ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሶፋ ሠሪው ላቡን ጠረገ። ይሄዳል ስል ጭራሽ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ ወደ ውስጥ፣ ወደ ታች ማየት ጀመረ።

“ወገብሽን የሚያምሽ ከዚህ ነው እንዴ?” አለ። “ወንበርሽ እኮ ስፖንጁ አልቋል። ብረቱ ላይ ነው የምትቀመጪው?”

“ብረቱ ላይ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ኧረ ቆየ” አለች።

በጓሮው በር ዞሮ ገባና ወንበሩን ትከሻው ላይ አወጣው። “ሰኞ ስትገቢ ይደርስልሻል።”

“ሰኞ እኮ ወሩ ያልቃል። ልቀቂ ብለኸኝ የለም?”

“ታዲያ ማን እንዲቀመጥበት ነው የማድሰው?” አለና ባለጉዳዮቹን በትከሻው እየገፋ ወጣ።

ወረፋው ሳቀ፣ መዝገቧም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስታስተናግድ ወገቧን አመመኝ አላለችም። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቀናሁባት። እኔ የምቀመጥባት ወንበርም ብረቷ ከወጣ ቆይቷል፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።