ሳይፈርስ የቀረው ቁልል

ፀጉር አስተካካዩ የመጨረሻዋን ጠፍጣፋ ድንጋይ ቁልሉ ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን ከኪሱ በማውጣት ላይ ሳለ፣ ከኋላው አንድ ረጅም ዘንግ ብቅ አለና የልፋቱን ሁሉ በአንድ ምት ከመሬት ደባለቀው።

ክው አለ። ዘወር ሲል ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ፀሐይና ብርድ ተጋግዘው ፊቷን ያጠቆሩት ሴት ቆማለች። ጃኬቷ ደረት ላይ የብሔራዊ ፓርኩ ምልክት ተሰፍቷል።

«እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» አለ።

«እኔንማ ምንም። ከኋላዎ የሚመጣውን ሰው ነው እንጂ።»

«ድንጋይ እኮ ነው!»

«ድንጋይማ ነው። እዚህ ላይ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከተደረደረ ‹በዚህ ሂዱ› ማለት ነው። ዛፍ የለ፣ ሰሌዳውን ንፋስ ይነቅለዋል፣ ቀለም ብንቀባ ውርጩ ይልጠዋል። ጉም ሲወርድ መንገደኛ የሚያየው ቁልል ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ከመንገዱ ወጥተው ገደል አፍ ላይ ይቆልሉልኛል!»

«ለማስታወሻ ብዬ ነው እኮ።»

«ሁሉም ለማስታወሻ ነው የሚለኝ። ባለፈው ሙሽሮች መጥተው አንድ ሰፈር የሚያህል ቆልለው ሄዱ። ሳፈርስ ወገቤ ተቆረጠ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ሶፋቸውን ልገለብጥባቸው ምንም አልቀረኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ አመለጠው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ራስ ይዞ ወሬ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሲያገኝ ቂም አይዝም። መንገዳቸው አንድ ስለሆነ አብረው ሽቅብ ያዙት። እሷ በየመሃሉ ጎንበስ እያለች የውሃ መውረጃውን ቦይ በዘንጓ ትጠርጋለች። ውሃው ከቦዩ ከወጣ በአንድ ክረምት መንገዱን በልቶ ይጨርሰዋል አለችው። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች።

የሥራ ባልደረቦቿ «አፍራሿ» ነው የሚሏት። ድሮ በፓርኩ መግቢያ በር ላይ፣ በጠባብ መስኮት በኩል ቲኬት ትቆርጥ ነበር። የእግር መንገዱን የሚጠብቀው ባሏ ነበር፤ ጠዋት መስኮቷን በዘንጉ ኳ ኳ አድርጎ ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ ኳ ኳ አድርጎ ይዟት ወደ ቤት ይሄዳል። ከዚያ ኩላሊቱ ከዳው። እሱ ካረፈ በኋላ የተቀጠረው ጎልማሳ የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ «ለዚህ አልተወለድኩም» ብሎ ጥሎት ሄደ። ያኔ እሷ መስኮቷን ዘግታ ዘንጉን አነሳች።

«አማቴ እንኳ ‹ይቺ ልጅ አበደች› አሉ» አለች። «እሳቸው አብረውኝ ነው የሚኖሩት። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ካልሲዬን እሳት ዳር አሙቀው የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን እንዲህ አላሞላቀቁትም!»

ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ ሽቅብ መጎተት ሲጀምር ነው የጠየቀችው። «ለመሆኑ ብቻዎን ነዎት?»

«ሚስቴ ቀድማኛለች። ድንጋዬን ስደረድር ‹ያንተን የልጅ ጨዋታ ቆሜ አላይም› ብላኝ ሄደች። አታስቢ፣ ቁልሉን እየተከተልሽ መጠለያው ጋ ጠብቂኝ ብያታለሁ።»

«ጥሩ ብለዋታል። ከዚህ በላይ ያለው ቁልል ሁሉ በእጄ ያለፈ ነው። ዓይኗን ጨፍና እንኳ ትደርሳለች።»

መጠለያው አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። በሩን ሲከፍቱት የቀዘቀዘ ምድጃ፣ ሽቦ ላይ የተሰጣ የሰው ካልሲ፣ ቀለሙ የለቀቀ ካርታ። ሰው የለም። ወለሉ ላይ እርጥብ ኮቴ እንኳ የለም።

ፀጉር አስተካካዩ ባዶውን አግዳሚ ወንበር አይቶ ለሁለተኛ ጊዜ ክው አለ። ደውሎ ሞከረ፤ ጥሪው አይሄድም። «የት ትሄዳለች? ዓይኗን ጨፍና ትደርሳለች አላልሽም?» «ቁልሉን ተከተይ አልኳት እኮ! ራሴ ነኝ ያልኳት!»

አፍራሿ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቁልሎቿን አንድ በአንድ በሐሳቧ የምታልፍ ትመስላለች፤ መታጠፊያው ጋ፣ ምንጩ ጋ፣ በሁለቱ ጫፎች መሃል ያለው ኮርቻው ጋ። ከዚያ ድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የሱ!» አለች። «ወይኔ ጉዴ፣ የሱ ቁልል!»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት እሷ በሩን በርግዳ ወጥታለች። በጉሙ ውስጥ ፊሽካዋን ትነፋለች፣ ትሮጣለች፤ እሱ ጃኬቷን እንዳያጣት ብቻ እያየ ይከተላታል። ከመንገዱ ወደ ግራ ወጡ። ፊሽካው ሲነፋ ቆየ፤ ከዚያ ከፊታቸው አንድ የታወቀ የቁጣ ድምፅ መጣ።

«እዚህ ነኝ! ማንም ይሁን፣ እንዳትሮጡ! ቀስ በሉ!»

ሚስቱ ከአንድ ትልቅ፣ አምሮ ከተደረደረ የድንጋይ ቁልል ሥር ቁጭ ብላለች። ጀርባዋን ለጥፋበታለች፣ ሁለት እጇ ድንጋዩን ይዟል። ባሏን ስታይ አልተነሳችም።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁልሉን ተከተልኩልህ» አለች። «ይኼ ጋ ስደርስ የሚቀጥለው አልታይ አለኝ። አንድ እርምጃ ልራመድ ስል ጠጠር በእግሬ መታሁ። ሲወድቅ ልሰማው ጆሮዬን ጣልኩ። አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀስኩም።»

ንፋሱ ጉሙን ለቅጽበት ገለጠው። ከጫማዋ ፊት አንድ ክንድ የምትሆን ሣር አለች፤ ከሣሯ ወዲያ ምንም የለም። ታች በጣም ሩቅ፣ ክር የሚያህል ወንዝ። ፀጉር አስተካካዩ በደረቱ ተኝቶ እየተሳበ ደረሰና የሚስቱን ክንድ ያዘ፤ ጎትቶ ወደ ሜዳው ካራቃት በኋላም መልቀቅ አቃተው።

«ማነው እዚህ የቆለለው?» ብሎ ጮኸ። «የኔን ትንሿን ስታፈርሺ ይኼን አላየሽም?»

አፍራሿ ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣለች።

«አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የባሌ ማስታወሻ ነው። ምሳውን እዚህ ነበር የሚበላው፤ አገሩ ሁሉ ይታየኛል ይል ነበር። ሲሞት እናቱ መጥተው የመጀመሪያዋን ድንጋይ አስቀመጡ፣ እኛ ጨመርን። በወጣሁ ቁጥር ደርድሬው እሄዳለሁ። መንገዱ በዚህ አያልፍም፣ ማን ይመጣል ብዬ…» ቀና ብላ ሴትየዋን አየቻት። «ኮርቻው ላይ ለቆመ ሰው እንደሚታይ አሁን ነው የመጣልኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ የጀመረውን ቁጣ ተወው።

አፍራሿ ስልኳን አወጣች። እዚያ ጠርዝ ላይ ኔትወርክ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለነበር ሁሉም ሰሙት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምነው በደህና ነው? ጉሙ ወርዷል፣ ቶሎ ነይ እንጂ።»

«እማዬ፣ የልጅዎን ቁልል ላፈርሰው ነው።»

አፍራሿ ስልኩን ከንፋሱ በመዳፏ ጋረደች።

«ምን አደረገሽ?» አሉ አማቷ።

«ሰው ተከተለው። ሴት። ጠርዙ ላይ ደርሳ ነው ያገኘናት።»

የአማቷ ድምፅ ተለወጠ፦ «ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እዚሁ አለች።»

«ተመስገን! ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አፍርሺው! ዛሬውኑ! እኔ ያስቀመጥኳትን ግን አምጪልኝ። ነጭ መስመር አለባት። ከሥር ናት።»

አፍራሿ ዘንጓን ጥላ በእጇ ነው ያፈረሰችው። እያንዳንዱን ድንጋይ እያነሳች፣ ማንም እንዳይደረድረው ራቅ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ከጎኗ ቆማ ታቀብላት ጀመር። «ተቀመጪ አንቺ» ቢላት ባሏ፣ «ዝም በል፣ ከተቀመጥኩ ያንን ጠጠር ነው የማስበው» አለችው። ነጭ መስመር ያለባት ድንጋይ ስትወጣ አፍራሿ በመዳፏ ጭቃዋን ጠርጋ ይዛት ቆመች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ። ሲወርዱ ድንጋይዋን ፀጉር አስተካካዩ በቦርሳው ያዘላት።

የፓርኩ በር ጋ ሲደርሱ ድንጋይዋን አውጥቶ ሰጣት። እየሄደ ሳለ እንኳ እጁ የሚስቱን ክንድ አልለቀቀም ነበር።

አፍራሿ ድንጋይዋን በጃኬቷ ጠቅልላ፣ ወደ ሚስቱ ጠጋ አለች።

«እትዬ» አለቻት፣ «መንገድ ላይ ጋሼን እንዳይቆጧቸው። ተከተይ ያሉዎት የኔን ቁልል አምነው ነው። ቁጥሬን ልስጥዎት፤ ንዴትዎ ነገ ከተነሳ ወደኔ ይደውሉና የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ስልኩን አልዘጋብዎትም።»