የቆርቆሮ ዓሣው አዛዥና የቪሊሞኒ ሸሚዝ

ቪሊሞኒ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከሱቫ ናውሶሪ የሚመላለስ አውቶቡስ ይነዳል። አውቶቡሱ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይወርድበታል። የቪሊሞኒ አፍ ግን የሚወርድበት ሸራ እንኳ የለውም። ሚስቱ ሜሬኦኒ "አንተን አንድ ቀን ይሄ ምላስህ ነው የሚቀብርህ" ትለው ነበር፤ እሱ ደግሞ "ሲቀብረኝ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ያኔ ዝም ብዬ እሰማሻለሁ" ይላት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ክፋት ግን የለበትም፤ ክፋት አለበት የሚለኝ ካለ እኔ አልስማማም።

መንደሩ ናሉቱ ነው። የናሉቱና የኮሮቩላ ሰዎች ታውቩ ናቸው። ከአንድ የጥንት መንፈስ ወረድን ይላሉ፤ ስለዚህ እንዳሻቸው ይሰዳደባሉ፣ አንዱ የሌላውን ዕቃ ዓይኑ እያየ አንስቶበት ይሄዳል፣ መቆጣት ነውር ነው። ታውቩ የወሰደው ደግሞ አይመለስም፤ "መልስልኝ" ያለ ሰው ዝምድናውን ካደ ማለት ነው። የኮሮቩላው ሴሬማያ ሚስት ያገባ ጊዜ የቪሊሞኒን አሳማ ከበረት አውጥቶ አረደ። ቪሊሞኒ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከሠርጉ ሲወጣ የሙሽራውን ጫማ አጥልቆ ወጣ። ሰላምታቸውም "አንተ የሸርጣን ሌባ!"፣ "አንተ የእንቁራሪት አፍ!" ነበር። እንዲህ ሲባባሉ አረጁ፤ ከእናት ልጅ በላይ ነበሩ።

እንግዲህ ይሄ ሴሬማያ ነው ጄኔራል ሆኖ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ተብሎ የተሾመው። አገሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው ስንቅ ክፍል ነው፤ ሩዝና የቆርቆሮ ዓሣ ሲያስጭን። ጦር ሜዳ ላይ አንድ ሻምበል እንኳ አልመራም። ጋዜጣው "ምን ችሎታ ኖሮት?" አለ። ፓርላማ ውስጥ "ዝምድና ነው ያሾመው" የሚሉ ተነሡ። ጥያቄው ክፉ ጥያቄ አልነበረም፤ ልጁን ወደ ጦር የላከ ሰው ይሄን ካልጠየቀ ምን ሊጠይቅ ነው?

ቪሊሞኒም ልጅ ልኳል። ሎሳና ትባላለች፤ ያለችው አንዲት እሷ ናት። ወታደር ሆና ሰላም ለማስከበር ወደ በረሃ ከሚሄዱት ጋር ስሟ ወጥቷል። እዚያ የሚተኮሰው ጥይት ለጨዋታ አይደለም። ቪሊሞኒ ፍርሃቱን ለማንም አልተናገረም። የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው፤ መቀለድ።

አንድ ቀን ጠዋት የሬዲዮ ጋዜጠኛ አውቶቡስ ተራ መጥታ ድምፅ መቅረጫዋን አፉ ላይ ደቀነች። "ስለ አዲሱ አዛዥ ምን ይላሉ?"

"ሴሬማያ? ዕድሜውን ሙሉ ያዘዘው ጦር የቆርቆሮ ዓሣ ነው! እሱም ቢሆን በሰልፍ የቆመለት ፋብሪካው ደርድሮ ስለላከው ነው!"

ተሳፋሪው ተንከተከተ። ቪሊሞኒም ሳቀ። ወይ ጣጣ! ይሄ ቀልድ ያንጎና የሚሉት የሥር መጠጥ ተከቦ ሲጠጣ፣ ሴሬማያ ፊት ለፊት ቢባል ኖሮ ሴሬማያ ራሱ ሆዱን ይዞ በሳቀ። ሬዲዮ ግን ታውቩ የለውም። በማግስቱ አንድ የተቃዋሚ እንደራሴ ፓርላማ ውስጥ ተነሥቶ የቆርቆሮ ዓሣ ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጎ አስቀመጠና "እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ የገዛ ዘመዱ ነው የመሰከረበት!" አለ። ከዚያ ወዲያ የሴሬማያ መኪና ባለፈ ቁጥር መንገድ ዳር ቆርቆሮ የሚመታ አልጠፋም።

ቪሊሞኒ ይሄን ሲሰማ ኩምሽሽ አለ። "እኔ መሰከርኩ እንዴ? ሜሬኦኒ፣ እኔ መች መሰከርኩ?"

"ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል" አለችው።

የባሰው ደግሞ ሴሬማያ ዝም ማለቱ ነው። የታውቩ ወጉ መልሶ መሳደብ ነው፤ ቢሰድበው፣ ዶሮውን ቢወስድበት እፎይ ባለ ነበር። ምንም የለም። ቪሊሞኒ እህል አልወርድ አለው። በመጨረሻ ሜሬኦኒ የአባቷን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ከሣጥን አወጣችለት፤ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምንበት፣ ከዚያ በላይ ክብር የሌለው ነገር ነው። "ይዘህ ሂድ" አለችው። እሷ ከሌላ አገር ናት፤ ምን ታድርግ፣ መልካም መስሏት ነው። እሱ ግን ማወቅ ነበረበት።

ሴሬማያ ሰሌን ላይ ተቀምጦ አገኘው። ቪሊሞኒ ተንበርክኮ ጥርሱን በሁለት እጁ አቀረበ። ሴሬማያ አየው፤ አልተቀበለም።

"ይሄን ከተቀበልኩህ ከዛሬ ጀምሮ ባዳዬ ነህ ማለት ነው" አለ። "ይቅርታ የሚባባሉ ባዳዎች ናቸው። መልሰው።"

"ወንድሜ፣ እኔ እኮ እየቀለድኩ..."

"ቀልድህን አውቀዋለሁ። አሁን ግን ሳትቀልድ ንገረኝ፤ ይሄ ሰው አይችልም ነው የምትለው?"

ቪሊሞኒ ጥርሱን ሰሌኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሆዱ ውስጥ የከረመው ነገር ገንፍሎ ወጣ። "ሎሳና ልትሄድ ነው። ሂጂ የምትላት፣ ተመለሺ የምትላት አንተ ነህ። አንተ ደግሞ የጥይት ድምፅ ሰምተህ አታውቅም። ፈራሁ፣ ሴሬማያ። ፈራሁ።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አለ ሴሬማያ። "ፓርላማ ውስጥ የሚሉትን እኔ ከእነሱ ቀድሜ ለራሴ ብዬዋለሁ። ጦርነት ያየ መኮንን አጠገቤ አስቀምጫለሁ፤ እሱ 'ተው' ያለኝን እተዋለሁ። ከዚህ በላይ የምልህ የለኝም።" ስድብ የለ፣ ሳቅ የለ። ቪሊሞኒ ጥርሱን ታቅፎ ሲመለስ ዝምድናው እዚያ ሰሌን ላይ የቀረ መሰለው።

የሽኝቱ ቀን ቤተሰብ ሁሉ የጦር ሰፈሩ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ያ እንደራሴም መጥቷል፣ ካሜራውም ሞልቷል። ቪሊሞኒ ሜሬኦኒ ለዚህ ቀን የሰፋችለትን ቀይ አበባ ያለበትን ሸሚዝ ለብሶ ከኋላ ተሸሸገ። ሎሳና ሰልፍ ውስጥ ቆማ በዓይኗ ትፈልገዋለች። ሴሬማያ ሰልፉን ጎብኝቶ ሲያበቃ በመሄድ ፈንታ ዞሮ ቀጥ ብሎ ወደ ሕዝቡ መጣ። ቪሊሞኒ ፊት ቆመ።

"አንተ የእንቁራሪት አፍ!" አለው ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ። "ይሄ ሸሚዝ ለአንተ አይሆንም፤ ለጄኔራል የተሰፋ ነው። አውልቅ!"

ካሜራው ሁሉ ዞረባቸው። እንደራሴው አፉን ከፈተ። ስንት ሰው አይችልም የሚለው አዛዥ፣ አገር እያየው፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሸሚዝ አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። የኮሮቩላ ሴቶች እልል አሉ፣ የናሉቱ ሽማግሌዎች በሳቅ መሬት መቱ። ቪሊሞኒ በካኒቴራ ቆሞ ዕንባው ዱብ ዱብ አለ።

"በል ተራህ ነው" አለ ሴሬማያ ጎንበስ ብሎ። "ቆቤንም ቢሆን ውሰድ።"

ቪሊሞኒ ቆቡን አየው። ጄኔራልን ባዶ ራሱን ማስቀረት መብቱ ነው፤ ቢያደርገው ደግሞ ነገ ጋዜጣው ላይ የሚወጣው ምን እንደሆነ ያውቃል። እጁን አልዘረጋም።

"ቆብህን ምን አደርገዋለሁ፣ አንተ የሸርጣን ሌባ። አሳማዬን ወሰድክ፣ መልስ አላልኩህም። ሸሚዙንም ውሰድ።" ድምፁ ተሰበረ። በጣቱ ሎሳናን አመለከተ። "ወጋችን የተወሰደ አይመለስም ይላል፣ አውቃለሁ። ያችን ግን ትመልስልኛለህ።"

በዚህ ማንም አልሳቀም። ሴሬማያም ቀልድ አልፈለገም። "እመልሳታለሁ" አለ፤ ሸሚዙን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ወደ ወታደሮቹ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ቪሊሞኒ በካኒቴራ አውቶቡሱን ይነዳ ነበር። አንዲት ዓሣ ሻጭ ገና ስትሳፈር ጮኸችበት። "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሸሚዝህስ?"

"አዛዡ ጋ ነው።"

"ታዲያ መቼ ይመልስልሃል?"

"እኔ የምጠብቀው ሸሚዝ አይደለም" አለና ማርሹን አስገባ።