በሎሚና በአመድ የፈተግኩት ቡድሃ

በዚያ ዘመን ድካም ከእኔው ጋር ተኝቶ ከእኔው ጋር ነበር የሚነሳው። ጠዋት ከነፋስ ስልክ እስከ መካኒሳ በእግሬ ሄጄ የአንድ ስሪላንካዊ መምህር ቤት እሠራለሁ፤ ስመለስ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ይጠብቀኛል፣ ከሰልፉ ወደ መሠረተ ትምህርት፣ እሑድ ደግሞ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ። ስብሰባው ላይ ዓይኔን ገልጬ መተኛት ለመድኩ። ከአብዮቱ ያተረፍኩት ሙያ እሱ ነው።

መምህሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ መንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራሉ። ሚስታቸው እኔ ከመቀጠሬ ከአንድ ዓመት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ሞተውባቸዋል። ሳሎኑ ጥግ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ የነሐስ ቡድሃ ነበራቸው። ሰውነቱ በሙሉ ጠይሟል፤ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ደግሞ ከሌላው የባሰ የጠቆረ ቦታ አለ። መምህሩ በየጠዋቱ ትንሽዬ የዘይት መብራት ያበሩና እዚያች ጥቁር ቦታ ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። የእኔ ድርሻ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማበስ ነበር። እሱንም ፈርቼ የነፍስ አባቴን ጠይቄያለሁ።

«አትስገጂለት እንጂ፣ አቧራ ማበሱ እንጀራሽ ነው» አሉኝ።

አንድ ጊዜ መምህሩ ለፈተና ሥራ ክፍለ ሀገር ሄዱ። ቤቱን ሳጸዳ ያ ጥቁረት ዓይኔን ወጋኝ። አባቴ ቄስ ነበር፤ በዓል ሲደርስ የነሐስ መስቀሉን በሎሚና በአመድ ፈትጌ ካላበራሁት ያኮርፈኝ ነበር። እኛ ቤት የሚከበር ዕቃ ማብራት አለበት። ሚስት የሌለው ሰው፣ ማን ያጽዳለት ብዬ አዘንኩ። ሳሙና እንደሆነ ከጠፋ ሰንብቷል። ሎሚ ቆርጬ፣ አመድ ነፍቼ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ፈተግኩት። ሲያልቅ እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። ደስ አለኝ፤ በዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መምህሩ መጥተው ሲያዩት ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ቆመው ቀሩ። አልተቆጡም። ጣታቸውን ወደ ጉልበቱ ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«እሷ እዚህ ትነካ ነበር» አሉኝ በዚያ በተቆራረጠ አማርኛቸው። «መብራት ታበራለች፣ ጣቷ ዘይት አለው፣ ከዚያ እዚህ ትነካለች። ሃያ ዓመት።»

ያ ጥቁረት ቆሻሻ አልነበረም፤ የሟች ጣት ነበር። እኔ ነኝ በአመድ ያጠብኩት። ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት መብራቱን ያበራሉ እንጂ እጃቸውን አይዘረጉም፤ ከሩቅ ተቀምጠው አይተውት ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

እኔም አንድ ነገር ጀመርኩ። እሳቸው እንደወጡ ከራሴ ራሽን በጠርሙስ ያመጣሁትን ዘይት ጣቴ ላይ አደርግና ያንኑ ጉልበት እነካለሁ። ረጋ ብዬ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ። ለቤቴ ወጥ የማይበቃ ዘይት ነበር። ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም፤ ቁጣ ለመስማት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ወር አለፈ፣ ምንም የለም። ክረምቱም አለፈ። አንዳንድ ቀን እግሬ አብጦ፣ ምን አባቴ አስጀመረኝ እያልኩ እነካው ነበር።

ዓመት ሲሞላው አንድ ጠዋት ከወጥ ቤት ጠሩኝ። መብራቱን ወደ ቡድሃው አስጠግተዋል። ጉልበቱ ላይ ጠይም ነገር ተመልሷል።

«ተመልከቺ» አሉኝ። «አልሄደችም። ነሐሱ ውስጥ ገብታ ነበር። አንቺ ያጠብሽው ከላይ ብቻ ነው።»

ዓመት ሙሉ ያልነኩትን ቦታ ነኩት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሳቁ። እኔ እጄን ሽርጤ ውስጥ ደብቄ ቆሜያለሁ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሴትዮዋን ለሁለተኛ ጊዜ የምቀብርባቸው መሰለኝ።

«አዎ መምህር» አልኳቸው።

እሳቸው ሲወጡ ጠርሙሴን አነሳሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ አንድም ቀን ማቋረጥ እንደማልችል ገባኝ።