ምላሷን ፍቄ የወሰድኳት ልጄ

ያን ቀን የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እኔ፣ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ዘሀራ፣ በባጃጃቸው ያደረሱን የመርሳው ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ያለችው ቻይናዊት ሐኪም፣ እና የምታስተረጉምላት የውርጌሳ ልጅ ብርቱካን። ባለፈው ዓመት ማሽላ በሚታጨድበት ወቅት ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌን እለፉኝ። ቀኑን የማልረሳው ልጄ ምን እንደሆነች ያወቅሁበት ስለሆነ ነው።

ዘሀራ ትምህርቷን ትታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ከጀመረች ዓመት ሊሆናት ነበር። አትበላም፣ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ አታወራም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ወባም ታይፎይድም የለባትም አሉኝ። ሸሁ ቁርኣን ቀሩባት። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። እኔ ራሷን ታጠፋብኛለች ብዬ እፈራ ነበር። ቤት ያለውን ገመድ ሁሉ ሰብስቤ እናቴ ዘንድ አስቀምጫለሁ።

ጋሽ ታደሰ ወገባቸውን ያቺ ሐኪም በአገሯ የመርፌ ሕክምና አድናቸዋለች።

«እኔን እንደ ጃርት አድርጋ ወጋግታኝ ይኸው ባጃጅ እነዳለሁ። የዘሀራ እናት፣ ብትሞክሪው ምን ይጎዳሻል?» አሉኝ።

ሐኪሟ ምላስ እንደምታይ ብርቱካን አስቀድማ ነግራን ነበር። ሰው ፊት ምላስ ማውጣት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ካልቀረ ንጹሕ ይሁን ብዬ በጠዋት የዘሀራን ምላስ በመፋቂያና በጨው እስኪቀላ ፈቅሁት።

ሐኪሟ ሦስት ጣቶቿን የዘሀራ እጅ አንጓ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሌላውን እጇን ያዘች። ምላሷን ስታይ ግን ግራ ገባት።

ብርቱካን ሳቋን ይዛ «እትዬ፣ ምላሷን ማን ፋቀው ትላለች። የምታነበው እኮ እሱን ነው» አለችኝ።

«ፊደሉን አጥፍተሽ አንብቢ አልሻት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ከዚያ ሐኪሟ መጠየቅ ጀመረች። ጎኗን ይወጋታል? ጉሮሮዋ ላይ የሚተናነቃት ነገር አለ? በረጅሙ ትተነፍሳለች? ሁሉንም እኔ መለስኩ። ሐኪሟ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«እሷ ትናገር ትላለች» አለች ብርቱካን።

ዘሀራ ለሁሉም «አዎ» አለች። ሐኪሟ የተናገረችውን ብርቱካን ስትነግረኝ «ጉበቷ ላይ ታስሯል» አለችኝ። ደነገጥሁ። አጎቴ የሞተው በጉበት ነው።

«አብጧል ወይ?»

«አይ እትዬ፣ ሥጋው ደኅና ነው። በእነሱ ትምህርት ሰው የሚሰማው ነገር የሚዘዋወረው በጉበት ነው። ኀዘን ሲታፈን እዚያ ይቋጠራል፤ ከዚያ እህልም እንቅልፍም ይነሳል ነው የምትለው።»

እኛ ሆድ የምንለውን ነው ብዬ ያዝኩት። በሆዷ ያመቀችው ነገር አለ ማለቷ ነው።

ሐኪሟ ከቤታችን የሄደ ሰው እንዳለ ጠየቀች።

«የለም» አልኩ።

«ሰይድ» አለች ዘሀራ።

ሰይድ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአፋር በኩል ወደ ሳውዲ ሊሻገር ወጣ። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብዬ ስሙ ቤት ውስጥ እንዳይነሳ ከለከልኩ። ሊያጽናኑኝ የመጡትን ከደጅ መለስኳቸው።

ዘሀራ መሬት መሬት እያየች «በሶውን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ለእማ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው። ብናገር ይቀር ነበር» አለች።

ብርቱካን ይህን አላስተረጎመችም። ሐኪሟም ምን አለች ብላ አልጠየቀችም። ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው ወጥተው ባጃጃቸው ጋ ቆሙ።

አልተቆጣሁም። እጄን ጉልበቷ ላይ አደረግሁ። አለቀሰች። ያን ቀን ዝም በይ አላልኳትም።

ሐኪሟ መርፌ አልወጋቻትም። ወልድያ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት አለችኝ። እዚያ ድባቴ የሚባል ሕመም ነው ብለው ኪኒን ሰጧት፤ በየወሩ እየሄደች ታወራቸዋለች። ልቤ አላርፍ ስላለኝ ጉበቷንም አስመርምሬያለሁ፤ ደኅና ነው። አሁን ትበላለች። አንዳንድ ቀን ግን ዛሬም ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

የጉበቱ ነገር እውነት ይሁን አይሁን የተማሩት ይወቁት። እኔ ለሰይድ የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ዘሀራን ብቻዋን ትቻት ነበር። ይህ ይቆጨኛል። አሁን ማታ ማታ ስሙን እናነሳለን።

ልጄ ሰይድ ቀጭን፣ ጠይም ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲናገር ትንሽ ይንተባተባል። ሲወጣ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ከሌሎች የወረዳችን የሐብሩ ልጆች ጋር ነው የሄደው። በመንገድ፣ በባሕሩ ወይም ከባሕሩ ማዶ ያየው ሰው ካለ ይንገረኝ። ወሬው ክፉም ቢሆን ንገሩኝ።